ካሜራው እስኪሠራ

አሕመድኑር መጻፍ ካቆመ ወዲህ ዝናሽ ጠዋት ጠዋት የኮሌጁን ኮምፒውተር ክፍል ከፍታ ስትገባ፣ መብራቱን እንኳ ሳታበራ ነው ስልኳን የምታየው። ምንም የለም። በኢንተርኔት አብራ የምትሠራበት ግሩፕ መልእክት እንደ ወትሮው ይጎርፋል፤ አንዱ ከብራዚል፣ አንዱ ከፖላንድ፣ ሌላው ከየት እንደሆነ ከማታውቀው አገር ሆነው ስለ ስልክ ባትሪና ድምፅ ይከራከራሉ። የሱ ስም ግን የለበትም። ከዚያ መብራቱን ታበራለች፣ ወንበሮቹን ታስተካክላለች፣ ተማሪዎቹ ሲገቡ ፈገግ ብላ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ልቧ መሰበሩን የሚያውቅ ሰው በመካነ ሰላም ከተማ አልነበረም። እንዴት ይኑር? ልቧን የሰጠችው ሰው መኖሩን የሚያውቅ ራሱ አልነበረም።

እሷም ብትሆን መልኩን አይታው አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በእናቷ ስልክ ነው። ታላቅ እህቷ ወርቄ ከጅዳ የላከቻት፣ የአገሩ ሰው «ሳውዲዋ» እያለ የሚጠራት ስልክ ናት። በደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ በቦረናም፣ በለጋምቦም፣ በከላላም፣ ልጇ አረብ አገር ያለባት እናት ሁሉ ይህችኑ ነው የያዘችው። ጠንካራ ናት፤ ብትወድቅ አትሰበርም፣ ባትሪዋም ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ግን አርጅታለች። የሠራት ፋብሪካ አዲስ ሲስተም መላክ ካቆመላት ቆይቷል። አንድ ቀን እናቷ ንግሥቴ የወርቄን ፊት ለማየት ስትከፍታት፣ የሚደዋወሉበት መተግበሪያ ከእንግዲህ በዚህ ስልክ ላይ እንደማይሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣና ተዘጋ። ንግሥቴ ማንበብ አትችልም። «ልጄን ምን አገኛት?» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች።

ዝናሽ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች፣ በኮሌጁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆና የተቀጠረች ናት። መፍትሔ ስትፈልግ ነው እነዚያን ሰዎች በኢንተርኔት ያገኘቻቸው። ያለ ማንም ክፍያ፣ ከሥራና ከእንቅልፋቸው ቀንሰው፣ አዲሱን የአንድሮይድ ሲስተም ለዚያች አሮጌ ስልክ የሚያላምዱ ፈቃደኞች ናቸው። አዲሱ ሲስተም የስልኳን ዕቃዎች አያውቃቸውም፤ ድምፅ ማጉያዋን፣ ማይክራፎኗን፣ ካሜራዋን አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ጭኖ ይሞክራል፣ የተበላሸውን የሚያሳየውን ፋይል መልሶ ይልካል። ዝናሽ ከኮድ ጸሐፊዎቹ ጋር ተሰለፈች። ካሜራው የሷ ድርሻ ሆነ።

አሕመድኑር ደግሞ ሞካሪ ነበር። ስሟን ያየ ዕለት በአማርኛ ጻፈላት።

«ዝናሽ የሚል ስም ሌላ አገር የለም። የወሎ ልጅ ነሽ?»

«የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ።»

«እኔ ከላላ! ወላሂ ጎረቤት ነን። አሁን ያለሁት ግን ታቡክ ነው፤ በረሃ መሃል ያለ የስንዴ እርሻ ላይ ትራክተር እነዳለሁ።»

ሙከራ ስልክ ሊገድል ይችላልና፣ ሁለት ስልክ የሌለው ሰው እንዳይሞክር የግሩፑ ሕግ ነበር። ጠየቀችው። «ሁለት አለኝ» አላት። «አንዷን ለናንተ መሥዋዕት አድርጌያታለሁ፤ አትሳቀቂ።»

መጀመሪያ የሚልክላት ደረቅ የስሕተት ፋይል ነበር። ቆይቶ ከፋይሉ ግርጌ አንዳንድ ነገር ጣል ማድረግ ጀመረ። «ድምፁ ዛሬም ይቆራረጣል። ነፋሱ ግን አይቆራረጥም።» ሌላ ቀን፣ «አንድ ግመል አጥር ጥሶ ገባ። ከኔ በቀር የሚያነጋግረው ስላጣ ብዙ አወራን።» ዝናሽ ፋይሎቹን ከግርጌ ወደ ላይ ማንበብ ለመደች። ብቻዋን ስትስቅ ተማሪዎች ዞር ብለው ያዩዋት ጀመር።

ድምፁን የሰማችው ማይክራፎኑ የተስተካከለ ዕለት ነው። ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ቀምሶ የሚያወጣ ድምፅ። «ትሰሚኛለሽ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ባለበትም ሥራ በሌለበትም ያወሩ ጀመር። የእናቱን የእማማ ሀጀራን ቀልድ፣ የከላላን ገበያ፣ የበረሃውን ሙቀት ነገራት። እሷም የመካነ ሰላምን ብርድ፣ የእህቷን ናፍቆት፣ ተማሪዎቿን አወራችለት። አንድ ጊዜ፣ «በሌላኛዋ ስልክህ ለምን አንተያይም?» ብትለው፣ «አይሆንም። አንቺ የሠራሽው ካሜራ ነው መጀመሪያ የሚያሳየኝ» አላት። ቃሉን ወደደችው። ልቧ ላይ እንደ ቀለበት አጠለቀችው። «ከሠራ ደግሞ የእናቴን ስልክ አንቺው ሂጂና ጫኚላት። መተግበሪያው ከተዘጋ ወዲህ ፊቴን አላየችም» ሲላት ቃል ገባችለት።

ስለ ማተቧና ስለ ሰላቱ አንሥተው አያውቁም። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም ይዘሉት ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ መጣ። በፍቃዱ የሚባል የግብርና ባለሙያ ነው የላከው፤ ጨዋ ነው፣ አንደበቱ የታረመ ነው፣ ክፉ የሚወራበት የለም። አባቷ አቶ አለኸኝ ለሽማግሌዎቹ፣ «ልጄን ልጠይቃትና እነግራችኋለሁ» ብለው ሸኟቸው። ሠርጉ የታሰበው ለጥር ነበር። ዝናሽ ጊዜ ስጡኝ አለች። ያን ሳምንት የካሜራውን ኮድ እንደገና ጻፈችው፣ ሲስተሙን አዘጋጀችው፣ ለአሕመድኑርም ከፋይሉ ጋር እንዲህ ስትል ላከችለት፦

«በዚህኛው ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ከሠራ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ያንተን ፊት ነው። ሽማግሌ ተልኮብኛል። እምቢ የምልበት ምክንያት እንዳለኝ አንተ ንገረኝ።»

ላከችውና ጉንጯ እየጋለ ተቀመጠች። መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

* * *

በማግስቱ የፖላንዱ ሞካሪ ለግሩፑ ጻፈ፤ ያ ፋይል ስልኩን እንዳይነሣ አድርጎበታል፣ ማንም እንዳይጭነው። ዝናሽ ደንግጣ ፋይሉን አነሣችው። አሕመድኑርን አሰበችው፤ ግን ሁለተኛ ስልክ አለው። የሙከራዋ ብትሞት በሌላኛዋ መጻፍ ያቅተዋል? አያቅተውም። ስለዚህ ዝም ያሰኘው ፋይሉ አይደለም። ጽሑፏ ነው። ራሷን በሰው ፊት ያራቆተች መሰላት። «አጉል ቀለልኩበት» አለች ለራሷ። «ለጨዋታ ነበር እንጂ ለትዳር አስቦኝ አያውቅም።»

ስሕተቷን ከፖላንዱ ሰው ጋር ሆነው ፈልገው አገኙት። በአዲሱ ፋይል ካሜራው ሠራ። ግሩፑ በደስታ ታመሰ፤ ስሟን እየጠሩ አመሰገኗት። የእናቷ ስልክ ላይ ጫነችው። ንግሥቴ የወርቄን ፊት ስታይ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ ስልኩን ሳመችው። ዝናሽ ከጎኗ ተቀምጣ አብራ ሳቀች። እንደዚያን ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት እናቷ።

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

ለአባቷ ልትመልስላቸው የሚገባው ቃል እየተቃረበ ነበር። እሺ ብትልስ? በፍቃዱ ምን ይጎድለዋል? አንድ ነገር ግን ቀርቷታል፤ ለሰው የገባችው ቃል። የእማማ ሀጀራ ስልክ። ልጃቸው ቢተዋትም እሳቸው ምን በደሏት? እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እውነቱን ከእናቱ ደጅ ልትሰማ ፈለገች። ሚስት እንዳለው ቢነግሯት እንኳ ሰምታው ይውጣላት።

ዓርብ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ስለሌላት በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። አቀስታ ላይ ወርዳ ሌላ መኪና ስትጠብቅ ብርዱ አጥንቷን ዘለቀው። ነጠላዋን ተከናንባ ላፕቶፑን በደረቷ አቅፋ ቆመች። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ገብስ ተከምሯል። ሰው ሁሉ ወደ ሰው የሚሄድ፣ እሷ ብቻ ወደማታውቀው የምትሄድ መሰላት።

* * *

የእማማ ሀጀራን ቤት ከላላ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ያለ፣ በድንጋይ የታጠረ ንጹሕ ግቢ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴትዮ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«መርሐባ፣ ግቢ ልጄ። ማን ልበል?»

«ዝናሽ እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ነው የመጣሁት። ስልክዎን ለማየት...»

እማማ ሀጀራ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «መጣሽ! ያረቢ፣ መጣሽ!» አሉና ጎትተው አስገቧት። አልጋቸው ላይ አስቀመጧት፣ ፊቷን አገላብጠው አዩት፣ ሻይ በወተት አቀረቡላት። ዝናሽ ይህን ሁሉ አልጠበቀችም። ሚስት ካለው የምን ደስታ ነው?

«ትመጣለች ብሎኝ ነበር» አሉ። «የመጣሽ እንደሆነ እንድነግርሽም አደራ ብሎኛል። ቆይ ቃሉን ላስታውስ።» ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «እ... ‹ስልኬ እንዴት እንደሞተች ከጠየቀችሽ፣ ከእጁ ወድቃ ድንጋይ መታት በያት› ብሎኛል።»

ዝናሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «‹እንዲህ በያት ብሎኛል› ተብሎ ይነገራል እንዴ?»

«ታዲያ ያለኝን ልበልሽ እንጂ!»

«የትኛዋ ስልክ ናት የሞተችው፣ እማማ? የሚሞክርባት ናት ወይስ የራሱ?»

«ኧረ የምን ሁለት ስልክ?» እማማ ሀጀራ ሳቁ። «ሁለት ገዛ፤ አንዷን ለኔ ላከ፣ አንዷን ያዘ። ያቺው ናት ያለችው። አሁን እሷም ሞታ በየጁምዓው በወዳጁ በምናለ ስልክ ነው የሚደውልልኝ። ምናለ የወረኢሉ ልጅ ነው፣ አብረው ነው የሚያድሩት።»

ዝናሽ ቃሉን በልቧ ደገመችው። አንድ ስልክ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ስልክ ብቻ። እሷ በላከችለት ቁጥር ከእናቱ ጋር የሚያገናኘውን፣ ከሰው ጋር የሚያገናኘውን፣ በዚያ በረሃ ያለውን ብቸኛ መስኮት ለሷ ሙከራ ሲያሲዝ ኖሯል። እሷ ደግሞ ገደለችበት። ገድላበትም ተቀየመችው።

«እማማ» አለች፤ ድምፁ የሷ አልመሰላትም። «ስልኩን የገደልኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ አይደለም። የላክሁለት ነገር ስሕተት ነበረበት።»

እማማ ሀጀራ አልደነገጡም። እጇን ይዘው መዳፏን አሻሹት።

«ድንጋይ መታት ያለኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ያ አገር አሸዋ ነው ይለኝ የለ? ድንጋዩን ከየት አመጣው?» አሉና ዓይኗን አዩት። «ለማንም ዋሽቶ የማያውቅ ልጅ ላንቺ ሲል ዋሸ። አልኩ፣ ይቺ ልጅ የት ናት? ለምን አትመጣም? አልኩ። አብሽሪ። አታልቅሺ።»

ዝናሽ ግን ማልቀስ ከጀመረች ቆይታለች።

* * *

አልቅሳ ሲወጣላት ላፕቶፑን ከፍታ የእማማ ሀጀራን ስልክ በገመድ አገናኘች። ይህችንም እንዳትገድላት እያንዳንዱን ነገር ደጋግማ አየች። ስልኩ ጠፍቶ ቆየ። ከዚያ ነቃ። ካሜራውን ስትከፍት የእማማ ሀጀራ ግድግዳ፣ መስኮቱ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ቁልጭ ብሎ ታየ። መተግበሪያውን ጫነች። የምናለም ስም በዚያው መተግበሪያ ላይ ወጣ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ተራ ጥሪ ነበር። እማማ ሀጀራ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ ድምፁ ግን እስከ በሩ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማ። ደኅና ዋልሽ?»

ያ ዝግ ያለ ድምፅ። ዝናሽ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

«ወአለይኩም ሰላም። ልጅቱ መጥታለች።»

«የቷ ልጅ?»

«ያቺ ናታ! እዚሁ ጎኔ ናት። ስልኬን ሠርታልኛለች።»

መስመሩ ተቋረጠ።

እማማ ሀጀራ ስልኩን አዩት። ዝናሽ ቀና ማለት አቃታት። ዘጋው። መምጣቷን ሰምቶ ዘጋው። የሸሸው ከሷ ነው፣ እናቱ ተሳስተዋል፣ ሁሉም ነገር ከርኅራኄ ያለፈ አልነበረም። ተነሥታ ነጠላዋን ሳበች። እግሯ በሩን ሳይሻገር ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ የጥሪው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። በቪዲዮ ነው የሚደውለው።

አረንጓዴውን ነክታ ለእናቱ ሰጠቻቸው። እሷ ከፊታቸው አልቆመችም፤ ይህ የሳቸው ነው። ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ፊት ያላዩ እናት ናቸው። ከኋላቸው ዞራ ወደ ግቢው ወጣች።

«ያረቢ! ጠቆርክ! ከሳህ እኮ ልጄ! እስቲ ዞር በል፣ ግንባርህን ምን ነካው?» የእማማ ሀጀራ ድምፅ በሳቅና በለቅሶ መሃል ይንከራተታል። እሱ ይስቃል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ዝናሽ በድንጋዩ አጥር ተደግፋ ሰማችው። ሳቁን ታውቀዋለች። ሲስቅ ግን አፉ እንዴት እንደሚሆን፣ ዓይኑ ይጨፈን አይጨፈን አታውቅም። ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ብትገባ ታየዋለች። ፈራች። ለዚያ ፊት ስንት ጊዜ ኮድ ጽፋ ስንት ጊዜ አጥፍታለች፣ አሁን ደጁ ደርሳ ከአጥሩ አልተላቀቀችም።

እማማ ሀጀራ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ውሃ እንዳይፈስባቸው እየተጠነቀቁ ወጡ።

«ያዢ። እኔ ከብቶቹን ልያቸው።»

ከብቶቹ በሌላው ወገን ነበሩ። እሳቸው ግን ወደ መስጊዱ በኩል ወጡ።

* * *

ፊቱ ረዘም ያለ ነው። ፀሐይ አቃጥሎታል። የታች ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ግንባሩ ላይ ፀጉሩ መሳሳት ጀምሯል። ካሰበችው ሁሉ አንዱንም አይመስልም፤ ሆኖም ሌላ ሊሆን እንደማይችል በዚያው ቅጽበት አወቀች። ከኋላው የቆርቆሮ ግድግዳና የሚያንጸባርቅ አሸዋ ይታያል። አያት። አየችው። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረ እሱ ነው።

«ዋሸኸኝ» አለችው።

«ዋሽቼሻለሁ።»

«ለምን?»

«ሁለት ስልክ የሌለው አይሞክር ብላችሁ ጻፋችሁ። ካልሞከርኩ ደግሞ ምን ብዬ ነው የምጽፍልሽ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ትራክተር ነጂ ነኝ። ከናንተ መሃል የምቀመጥበት ሌላ ወንበር አልነበረኝም።»

«ስልክህን ገድዬብህ፣ ከእናትህ ለይቼህ፣ ድንጋይ መታት ትላለህ?»

«እና ምን ልበል? አንቺ ገደልሽብኝ ልበልሽ?»

ነፋሱ ነጠላዋን ገለበጠባት። መልሳ ሳትይዘው ጠየቀችው፤ ከመካነ ሰላም ይዛው የመጣችው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነበር።

«የላክሁልህን ጽሑፍ አንብበኸው ነበር?»

አሕመድኑር ቀና አለ። «አንብቤዋለሁ። ለዚህ ነው የሌላውን ሞካሪ ቃል ሳልጠብቅ የጫንኩት። በውስጧ ያለኝን ሁሉ ሌላ ቦታ ሳልቀዳ። ፊቴን ላሳይሽ ቸኩዬ።» ሊስቅ ሞከረና ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «ጥቁር ሆና ቀረችብኝ። ጽሑፍሽ በሷ ውስጥ ነበር፣ ድምፅሽ በሷ ውስጥ ነበር። ቁጥርሽን በቃሌ አልያዝኩትም። ወደ ግሩፑ ልግባ ብል የመግቢያው ኮድ በዚያችው ስልክ ነው የሚመጣው። ማታ ማታ የሞተች ስልክ ታቅፌ እቀመጥ ነበር። ምናለ አበደ ብሎኛል።»

«ለእናትህ መልእክት መተው ስትችል ስለ ድንጋይ ብቻ ነው የተውክልኝ? ሌላ የምትለኝ ቃል አልነበረህም?»

«ነበረኝ።»

«ታዲያስ?»

«ዝናሽ፣ ሽማግሌ የላከብሽ ሰው አገሩ ላይ ነው። የእምነትሽ ሰው ነው። ስትታመሚ ደጅሽ ይደርሳል። እኔ ለኮንትራቴ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ጨርሼ ብመጣም አባትሽ ደጅ ጫማዬን አውልቄ ነው የምቆመው፤ ያስገቡኝ አያስገቡኝ አላውቅም። ዝም ብልስ? አልኩ። ዝም ብል ትረሳኛለች፣ ትድናለች አልኩ።»

«ረሳሁህ?»

ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረ።

«እየኝ! እዚህ ድረስ የመጣሁት ረስቼህ ይመስልሃል? ሌሎቹ ሲደሰቱ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ካሜራው ሠርቶ የማየው ሰው አልነበረኝም!»

እንባው ሲወርድ አላበሰውም፤ ምናልባት እንደሚታይ ዘንግቶት ይሆናል። መታየት ለሱም አዲስ ነገር ነበር።

«አትጠብቂኝ ልልሽ ነበር» አለ።

«በለኛ! አሁን በለኝ። ፊቴን እያየህ በለኝ።»

አፉን ከፈተ። ራሱን ነቀነቀ።

«አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

«እንግዲያው ስማኝ። ለአባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ስምህን፣ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ የት እንደምትሰግድ። ከዚያ የሚመጣውን አብረን እንሰማዋለን። ስልክህንም አትጣላት፤ የምትነሣበት መንገድ አለ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ፈልጉ፣ ፋይሉን በምናለ በኩል እልክልሃለሁ...»

ሥዕሉ ቆመ። ድምፁ ሄደ። ኔትወርኩ ነበር። ፊቱ ግን እንደቆመ ስክሪኑ ላይ ቀረ፤ ግማሹ ደብዝዞ፣ ዓይኖቹ እሷ ላይ ሆነው። ልትነካው አልደፈረችም። እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው። ሲጠፋ ግቢው ሰፋባት።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቷን አውድማው ላይ አገኘቻቸው። አቶ አለኸኝ ብቻቸውን በመንሽ ገብሱን ለነፋስ ይሰጡ ነበር። በመንገድ ያጠናችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ ያለ መግቢያ ነገረቻቸው። በፍቃዱን እንደማታገባ፣ የምትወደው ሌላ ሰው እንዳለ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የከላላዋ የእማማ ሀጀራ ልጅ ነው። አሕመድኑር ይባላል።»

አባቷ መንሹን መሬት ላይ ተክለው ተመረኮዙበት። ቁጣ ጠበቀች። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን አርጅተው አየቻቸው።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሳውዲ ነው። ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

«ሁለት ዓመት» አሉ፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁትን አገር እንደሚጠሩ። «ለሽማግሌዎቹ ምን ልበላቸው?»

«ልጄ እምቢ አለች ይበሏቸው። ነውሩን በኔ ያድርጉት።»

ከገብሱ እፍኝ ዘግነው እብቁን እፍ አሉት። «አልረግምሽም» አሉ በመጨረሻ። «እሰይም አልልሽም። አሁን የምልሽ የለኝም። ለእናትሽ ግን አንቺው ንገሪያት፤ እኔ አፌ አይችልም።» መንሹን ነቅለው ጀርባቸውን ሰጧትና ሥራቸውን ቀጠሉ። እብቁ እየበነነ ፀጉሯ ላይ ሲያርፍ አላራገፈችውም። እንደ ልጅነቷ ዞረው «ነይ የአውድማውን ክፈፍ ጥረጊ» እንዲሏት ጠበቀች። አልዞሩም።

እናቷ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ዝናሽ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ የቻለችውን ያህል ነገረቻት፤ አንዱን ስታስቀድም ሌላው እየቀደማት፣ ስሙን፣ አገሩን፣ የሞተችውን ስልኩን። ንግሥቴ እጇ ላይ ያለውን ጎመን እንደያዘች ሰማቻት። ስለ ማተቡ ትጠይቀኛለች፣ ሰው ምን ይላል ትለኛለች፣ ብላ ዝናሽ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«አየሽው?» አለች እናቷ።

«አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

ዝናሽ ልትነግራት ቀና አለች። ፊቱ ረዘም ያለ ነው ልትል፣ ጠይም ነው ልትል፣ ዓይኑ እናቱን ይመስላል ልትል። ከዚያ ሁሉ የቀደማት ሌላ ሆነ።

«ደክሞታል፣ እማዬ» አለች። «በጣም ደክሞታል።»

ንግሥቴ ጎመኑን አስቀመጠች። በአፈር የቆሸሸ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ የልጇን ራስ ወደ ትከሻዋ ሳበችው።